መጽሐፍና ዴስክ ጭነን በአሮጌ ኤን ፒ አር ወደ ደሴ፦ ምን ምን ይታይ?

የወሎ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ዙሪያ ላለ ትምህርት ቤት 5,000 መማሪያ መጽሐፍና 30 ኮምባይንድ ዴስክ በበጎ ፈቃድ ልናደርስ ነው። መኪናው በውሰት የተገኘ አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው፤ የሚጭነው 35 ኩንታል። ሞተሩ ደህና ነው፤ የሚያሰጋን የጣርማ በር ቁልቁለት ነው። ሳንነሳ ምን እናሳይ? ጭነቱስ አይበዛም?

ነባር ሹፌር
መጽሐፉን በኪሎ አስሉት። ባለ 200 ገጽ መማሪያ 400 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 5,000ው 20 ኩንታል ነው። ከዴስኮቹ አንዱን መዝኑ፤ 25 ኪሎ ከሆነ 30ው 7.5 ኩንታል ይሆናል። በቂ ነው፤ መጨረሻ ሰዓት ላይ «ይቺንም ውሰዱልን» የሚል ሲመጣ እምቢ በሉ። መጽሐፉ ከታች፣ ከኋላ አክሱ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፤ ዴስኩ ከላይ። ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፉ። ጎማው የሚረጨው ውሃ በጣውላው ስንጥቅ ይገባልና የላይ ሸራ ብቻውን መጽሐፍ አያድንም።

መካኒክ 24 ቮልት
ስጋታችሁ ትክክል ነው። የጣርማ በር ዋሻ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከታች ያለችው ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚይዘው ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይቱ ይሙላ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም፣ እርጥበት የጠጣው ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጥርና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ታምቡሮቹ (የፍሬን ሸራው የሚይዛቸው ከጎማው ጋር የሚዞሩ ከበሮዎች) ይከፈቱ፤ የፍሬን ሸራው ላይ ግራሶ ወይም ዘይት ካለ ምንጩን ሳትዘጉ ሸራ አትቀይሩ። ከዲናሞው ጀርባ ያለችው የቫኪዩም ፓምፕና ጎማ ቱቦዋም ይታዩ፤ ፍሬኑን የምታቀልለው እሷ ናት። ስለዚህ ሞተር አጥፍቶ መውረድ ፈጽሞ አይሆንም።

ማርሹ ከዋሻው ሳትወጡ ይቀነስ። ፍሬኑን ረግጦ መቆየት ያግለዋል፤ ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ልቀቁ። ከሸተተ ቁሙና ይብረድ፤ የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አይፈስም፣ ይሰነጠቃል።

ነባር ሹፌር
አንድ ልጨምር፦ ታኮ (ጎማ ሥር የሚደረግ ማገጃ) ሳትይዙ እንዳትወጡ። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኋላ ያለውን ዘንግ እንጂ ጎማውን አይደለም። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሱ ዲፈረንሻሉ ይለቀዋል፤ መኪናው ይንሸራተታል።

ጎሚስታ
የጎማ ዳዶ (ጎማውን ቡሎኑ ላይ የሚያጠብቀው) አልተነሳም። በግራ በኩል ያሉት ጥርሳቸው የግራ ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ እፈታለሁ ያለ ያጠብቃል፣ ቡሎኑን ይበጥሳል። የኋላው መንታ ጎማ የውስጥና የውጪ ዳዶ አለው። የውጪው ጠብቆ ሳለ የውስጡ ላልቶ ሊሆን ይችላል። አንድ እየዘለላችሁ የውጪውን አላሉ፣ የውስጡን አጥብቁ፣ የውጪውን መልሱ፤ ከዚያ የቀሩትን። ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ ሸኖ ላይ ቆማችሁ ድገሙት። ከዳዶው ሥር ቸርኬው (የጎማው ብረት) ላይ የዝገት መስመር ወርዶ ካያችሁ እሱ ላልቷል።

የወሎ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልን። የፍሬን ዘይቱ ነገ ይቀየራል። ወረቀትስ?

ንብረት ክፍል
ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ያላለቀ መሆኑን እዩ። ብዛቱን የሚዘረዝር ማኅተም ያለው የሸኚ ደብዳቤ በሦስት ኮፒ ያዙ፤ ኬላ ላይ አንዱ ሊቀር ይችላል። ስታስረክቡ ትምህርት ቤቱ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ያድርገው፤ መጽሐፉ በክፍል ደረጃ፣ ዴስኩ በቁጥር ተለይቶ። ኮፒውን ይዛችሁ ተመለሱ።