ፓወር ባንክ የት ይግባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ማታ በረራ አለኝ። ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ፣ ሁለት ትርፍ የካሜራ ባትሪና አንድ ላይተር ይዣለሁ። ባለፈው ፓወር ባንኩን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ሰው እያየኝ ካልሲዬን ሳይቀር ዘረገፍኩ። አሁንስ እንዴት ልሸክፍ?

መልስ 1፦ አይዞህ፣ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ሊቲየም ባትሪ ከተበላሸ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። አጠገብህ ከሆነ ሠራተኞቹ ይደርሱለታል፤ ታች ዕቃ ክፍል ውስጥ ግን ማን ያየዋል? ያንተን እናስላው፦ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ማለት 20 አምፒር ሰዓት ነው፤ በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት (የሚይዘው የኃይል መጠን)። እስከ 100 ችግር የለም። ከ100 እስከ 160 ከሆነ አየር መንገዱን ማስፈቀድ ነው። ከዚያ በላይ አይሞከርም።

መልስ 2፦ የካሜራ ባትሪዎቹም እጅህ ላይ ይሁኑ። የብረት ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍነህ ለየብቻ በላስቲክ ከረጢት አድርጋቸው። እኔ አንዴ ከሳንቲም ጋር ኪሴ ከትቼ ጭኔን ለበለበኝ!

መልስ 3፦ ላይተሩ ኪስህ ውስጥ፣ አንድ ብቻ። ጭራሽ የሚከለክሉ አገሮችም ስላሉ ቀድመህ ጠይቅ።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። ግን ፓወር ባንኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል።

መልስ 1፦ እንግዲያው ቤት ተወው። አቅሙ ካልተነበበ ፍተሻ ላይ ሊቀሙህ ይችላሉ።