የልጄ አፍ ቆስሏል፣ ጠያቂውም በዝቷል፤ ምን ላድርግ?

ነርሶችም ሆናችሁ ካንሰር ያለበት ልጅ ያስታመማችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር በሉኝ። የስድስት ዓመት ልጄ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ነው። ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ወስዶ ባሕር ዳር ቤታችን ከገባን ወዲህ በሽታ የሚከላከልለት ነጭ የደም ሴሉ ወርዷል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንድሮጥ፣ ሙቀቱንም በፊንጢጣ እንዳልለካ ነግረውኛል። እሱስ ገብቶኛል።

የቸገረኝ አፉ ነው። ከንፈሩ ውስጥና ምላሱ ጠርዝ ላይ ነጫጭ ቁስል ወጥቶበታል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጨው በጥብጬ ተጉመጥመጥ ስለው ያለቅሳል። ለስላሳውን ብሩሽ ሲያይማ ጥርሱን ግጥም ያደርጋል። አጥሚት እንኳ በስንት ልመና ነው። ከምግብ በፊት ምን ማስታገሻ ይሰጠዋል? ፓራሲታሞል ትኩሳቱን እንዳይደብቅብኝ እፈራለሁ።

ሌላዋ ፈተና እናቴ ናት። ከጣና ገዳም ጠበል አስመጥታ «ይጠጣ» ትላለች። ያልፈላ ውሃ ደግሞ ተከልክሏል። እምነቷን መንካት አልፈልግም፤ እኔም አማኝ ነኝ። ጎረቤቱም «እግዜር ይማርህ» እያለ ጉንጩን ይስማል። በር ላይ እጅ አስታጥባለሁ፤ ጉንፋን ያለበትን ግን ምን ብዬ ልመልሰው? እናንተ እንዴት አለፋችሁት?