ከውህደት በፊት የአብራሪዎች ማኅበራት ምን ያዘጋጃሉ? ለእኛስ የሚሆን ነገር አለው?

የሰንጋ ተራው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሰንጋ ተራ ዋና መሥሪያ ቤት ባለው አንድ የግል ባንክ እሠራለሁ፤ በመሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበራችንም የሥራ አስፈጻሚ አባል ነኝ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ካዘዘ ወዲህ የውህደት ወሬ ከቢሯችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ማኅበራችን ግን እስካሁን አንድ ወረቀት እንኳ አላዘጋጀም። የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበራት አየር መንገዶች ገና ሳይዋሃዱ ብዙ ወራት ቀድመው እንደሚዘጋጁ አንብቤያለሁ። የሚያዘጋጁት በትክክል ምንድን ነው? ከዚያስ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመው የትኛው ነው?

ዶሴ አንባቢ

ወንድሜ፣ ዝግጅታቸውን ለመረዳት አስቀድሞ የሚፈሩትን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአሠሪው ይልቅ የሚያሰጓቸው የሌላኛው አየር መንገድ አብራሪዎች ናቸው። በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች አንድ አብራሪ የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ መቼ ካፒቴን እንደሚሆን፣ መነሻው የትኛው ከተማ እንደሆነ፣ የዓመት ፈቃዱን በየትኛው ወር እንደሚወስድ፣ ቅነሳ ሲመጣም ማን ቀድሞ እንደሚሰናበት የሚወስነው በሲኒየሪቲ (የአገልግሎት ቅደም ተከተል) ዝርዝር ላይ ያለው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ከድርጅት ወደ ድርጅት አይተላለፍም፤ ሃያ ዓመት ያበረረ ካፒቴን እንኳ መሥሪያ ቤት ቢቀይር ከዝርዝሩ ግርጌ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት ዝርዝሮች ሲቀላቀሉ አንዱ ከፍ ባለ ቁጥር ሌላው ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት የተባሉት አየር መንገዶች አሳይተዋል። የተዋሃዱት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አብራሪዎቹ በአንድ ብሔራዊ ማኅበር ሥር ነበሩ፤ ሆኖም መስማማት ስላቃታቸው ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኛ ሄደና በ2007 ውሳኔ ተሰጠ። ዳኛው ሰፊ አካል ያላቸውን አውሮፕላኖች ያበሩ የነበሩትን ከ500 በላይ የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ከላይ አስቀመጠ፤ በቅነሳ ቤታቸው የነበሩትን ግን፣ ከ15 ዓመት በላይ ቀድመው የተቀጠሩ ቢኖሩባቸውም፣ በቅርቡ ከገቡት የአሜሪካ ዌስት አብራሪዎች በታች አሰለፋቸው። በቁጥር የሚበዙት የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ውሳኔውን አንቀበልም አሉ፤ በ2008ም በድምፅ ብልጫ ነባሩን ማኅበር አስወጥተው አዲስ አቋቋሙ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ኩባንያው በ2013 ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር ተዋሃደ፤ የመጨረሻው የጋራ ዝርዝር የወጣውም በ2016 ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሁለቱ ቡድኖች አለመስማማት የተጠቀመው አሠሪው ይመስለኛል፤ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የሚዋዋለው የጋራ የኅብረት ስምምነት እስካልተፈረመ ድረስ የደመወዝ ጭማሪውም ይዘገያልና።

እንግዲህ ዝግጅቱ ይህን ለማስቀረት ነው። ልምድ ያለው ማኅበር የውህደት ኮሚቴውን ከተደራዳሪ ኮሚቴው ለይቶ ያቋቁማል፤ ምክንያቱም ተደራዳሪዎቹ ከሌላው ወገን ጋር አብረው በአሠሪው ፊት የሚቆሙ ሲሆን፣ የውህደት ኮሚቴው ግን ከዚያው ወገን ጋር የሚሟገት ነው፤ ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት ያንን ሰው ማሰቃየት ነው። ኮሚቴው የእያንዳንዱን አብራሪ የቅጥር ቀን፣ በቅነሳ ወይም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ያሳለፈውን ጊዜ፣ የያዘውን የሥራ መደብና የአውሮፕላን ዓይነት አጣርቶ ያስቀምጣል። ለጠበቃና ለባለሙያ የሚከፈል ገንዘብም ለብቻው ይያዛል። በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ደግሞ ተተኪ አሠሪ ውሉን እንዲቀበል የሚያስገድድ አንቀጽ መኖሩን ያረጋግጣሉ።

ዴልታና ኖርዝዌስት ከዩኤስ ኤርዌይስ የተማሩ ይመስላል። በ2008 መጀመሪያ አብራሪዎቹ ውህደቱ ከመታወጁ በፊት በዝርዝሩ ለመስማማት ሞክረው አልሆነላቸውም። ያም ሆኖ የጋራውን የኅብረት ስምምነት በነሐሴ አጸደቁ፤ ውህደቱ በጥቅምት መጨረሻ ሲፈጸም ዝርዝሩ ለግልግል ተመርቶ ነበር፤ ውሳኔውም በታኅሣሥ ወጣ። ሁሉም ደስ አላለውም፤ ነገሩ ግን አለቀ።

ልደታ

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ የተለያየ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። አሜሪካ ውስጥ የዝርዝር ውህደት ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ካልተስማሙም በግልግል እንዲያልቅ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል፤ መነሻውም በ2001 አሜሪካን አየር መንገድ ቲደብሊውኤ የተባለውን አየር መንገድ ሲገዛ የቲደብሊውኤ የበረራ አስተናጋጆች በሙሉ ከዝርዝሩ ግርጌ መቀመጣቸው ነው። እኛ ያለን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የድርጅት መቀላቀል ወይም መከፋፈል የሥራ ውልን እንደማያቋርጥና እንደማያሻሽል ይደነግጋል፤ ይህ ቀላል ጥበቃ አይደለም። ሆኖም የአንዱ ባንክ «ሲኒየር ኦፊሰር» ከሌላው ባንክ የትኛው ደረጃ ጋር እንደሚስተካከል አይነግረንም። የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ሽፋን ውጭ ስለሆኑ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆቻችሁ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት።

ጡረተኛው ኦዲተር

ልጄ፣ ባንክ ውስጥ የአብራሪው ዓይነት ቁጥር የለም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን እንዳለ አትቅዱ። የእናንተ ጭንቀት ሌላ ቦታ ነው። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ድረስ በእግርህ ብትሄድ የሁለት ባንክ ቅርንጫፎች በአንድ ሕንፃ ሥር ግድግዳ ተጋርተው ታያለህ፤ ከውህደት በኋላ ለሁለቱም ሁለት ዋና ገንዘብ ያዥ፣ ሁለት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ማን ያቆያል? ቀጥሎም የሠራተኛ የቤት ብድር አለ። አንዱ ባንክ በዝቅተኛ ወለድ ለረጅም ዓመት ይሰጣል፤ ሌላው ያሳጥረዋል፤ ብድሩን የጀመረ ሠራተኛ በየትኛው ውል ይቀጥላል? ፕሮቪደንት ፈንዱስ (ሠራተኛውና አሠሪው የሚያዋጡት የቁጠባ ገንዘብ)? እነዚህን የሁለቱን ባንኮች የኅብረት ስምምነቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ዛሬውኑ አነጻጽሩ። የእያንዳንዱ አባል የቅጥር ደብዳቤ፣ የመጨረሻ የእድገት ደብዳቤና ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ቅጂም በእጃችሁ ይግባ፤ የሰው ሀብት ሲስተም ሲቀየር መረጃ ይጠፋል።

የሰንጋ ተራው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አሠሪው መረጃ የምሰጣችሁ ምስጢር ለመጠበቅ ከፈረማችሁ ብቻ ነው ቢለን እንፈርም ወይ? ከፈረምን በኋላ ለአባላት ምንም መናገር ካልቻልን እንደ ከዳተኛ እንቆጠራለን ብዬ እሰጋለሁ።

ዶሴ አንባቢ

የአብራሪዎቹም መሪዎች ይፈርማሉ፤ ካልፈረሙ ዕቅዱን የሚያዩት ከሕዝብ ጋር እኩል ነውና። እኔ ብሆን ከመፈረሜ በፊት ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቼ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ እንዲፈርሙ በቃለ ጉባኤ አስወስናለሁ፤ የቀሩት የሥራ አስፈጻሚ አባላት ሳይፈርሙ አባላትን በነፃነት ያነጋግራሉ። በሰነዱ ላይም ምስጢርነቱ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ የአባላት የራሳቸው የሥራ መረጃና ማኅበሩ ቀድሞ የሰበሰበው ነገር በምስጢር ውስጥ እንደማይካተት ይገለጽ። ለዚህ ነው ኦዲተሩ ያሉት ማሰባሰብ ከፊርማው መቅደም ያለበት። የሌላኛውን ባንክ ማኅበር ሊቀመንበርም ከአሁኑ ቡና ጋብዘው፤ ለመተዋወቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።