ክርክር፦ ለግሌንኮው ጭፍጨፋ «ካምቤል» የሚለው ስም ይጠየቃል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬውን ርዕስ ያመጣልን ስኮትላንድ የሚኖረው አባላችን ነው። ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1692 ጎህ ሳይቀድ፣ በስኮትላንድ ደጋ ግሌንኮ በሚባል ሸለቆ፣ ወደ 120 የሚሆኑ የመንግሥት ወታደሮች ለሁለት ሳምንት ገደማ ቤታቸው ያስተናገዷቸውን የማክዶናልድ ጎሳ ሰዎች ፈጁ። 38 ያህል ሰው ተገደለ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ በበረዶ ውስጥ ከሸሹት ሴቶችና ልጆችም በብርድ ያለቁ አሉ። አዛዡ የግሌንላዮኑ ሻምበል ሮበርት ካምቤል ነበር። ካምቤልም የጎሳ ስም ነው፤ እስከ ዛሬ በዚያ ሸለቆ ካምቤል የተባለ ሰው ይተረባል። ተገቢ ነው? ስድብ የለም፣ ግቡ።

የግላስጎው ልጅ፦ ሸለቆው ውስጥ አንድ ሆቴል አለ፤ «ሱቅ በደረቴና ካምቤል አይገባም» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። ቀልድ ነው ይላሉ፣ ቱሪስቱም እየሳቀ ፎቶ ይነሳል። ግን ከ300 ዓመት በላይ በአንድ ስም ላይ ጣት መቀሰር ለኔ አይዋጥልኝም። በዚያ ላይ ከወታደሮቹ አብዛኞቹ ካምቤል አልነበሩም። ከ70 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ግደሉ የሚለውን ትእዛዝ የፈረመው ሻለቃ ደንካንሰን ነው። ዋዜማውን ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሻምበል ድራመንድ። የቱ ነው ካምቤል?

ቅመም፦ ወንድሜ፣ ስንት ካምቤል ነበር የሚለው ቆጠራ ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ክፍለ ጦሩ የማን ነው? የአርጋይሉ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ የካምቤሎች ሁሉ አለቃ። የሚጠራውም በሱ ስም ነው። ሮበርት ካምቤልስ? በማክዶናልዶቹ ማዕድ በልቷል፣ ጠጥቷል፣ የመጨረሻዋን ማታ ከአለቃቸው ልጆች ጋር ካርታ ሲጫወት አምሽቷል፣ ከዚያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሰይፉን መዘዘ። የበላበትን ወጭት ሰባሪ ማለት ይሄ ነው። የስኮትላንድ ሕግ ራሱ አምኖህ ያስጠጋህን ሰው መግደልን ከተራ ግድያ አክብዶ ነበር የሚያየው። ቂሙ በጎሳው ስም ቢጠራ ምን ይገርማል?

ደፋር፦ ቅመም ልክ ናት። ካምቤሎች ከዚያ በፊትም የሰው መሬት ሲውጡ የኖሩ ናቸው። ጎረቤት ጎሳቸውን ማክግሬጎሮችን ጠይቁ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ልጆች፣ ስሙን ከመክሰሳችን በፊት ከየት እንደመጣ እንይ። ካምቤል ቅጽል ስም ነው። በስኮትላንድ ደገኞች ቋንቋ በጋሊክ «ካም» ጠማማ፣ «ቤል» አፍ። አንድ አፉ ጠመም ያለ ቅድመ አያት ነበራቸው ማለት ነው። በኋላ ሲከብሩ ይሄ ደስ አላላቸውም መሰለኝ፣ ከኖርማንዲ የመጣን ነን፣ ስማችንም በላቲን «ካምፖ ቤሎ»፣ ውብ ሜዳ ነው የሚል ወሬ ተፈጠረ። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ መሃል ያለችው ፒ ከዚሁ ጋር ትያያዛለች። ሌላው ተረት ደግሞ ከርከሮ የገደለው የአፈ ታሪኩ ጀግና የዲያርሚድ ዘር ያደርጋቸዋል፤ አርማቸው ላይ የከርከሮ ራስ አለ። በሰነድ የምናገኘው የመጀመሪያው ግን በ1263 የተመዘገበው ጊሌስፒ ካምቤል ነው። ቤቱን ትልቅ ያደረገው የስኮትላንዱ ንጉሥ የሮበርት ብሩስ ጊዜ ነው። ብሩስ ለዙፋኑ ሲዋጋ ኒል ካምቤል ከጎኑ ነበር፤ የንጉሡን እህት ሜሪንም አገባ። መሬቱ የጎረፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ጎረቤቶቻቸው ሰይፍ ሲስሉ እነሱ ቻርተር (የንጉሥ የርስት ሰነድ) ያጽፋሉ፣ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፣ ልጅ ይድራሉ። ሰይፉንም አልተዉትም።

ደፋር ስለ ማክግሬጎሮች ያልከው እውነት ነው። በ1603 ንጉሥ ጄምስ ስማቸውን ጭምር ከለከለ፤ ማክግሬጎር ነኝ ማለት በሞት ያስቀጣ ነበር፣ የማሳደዱም ሥራ ለአርጋይል ተሰጠ። ግን ጉዱን ስማ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ ለመትረፍ የያዙት ስም ካምቤል ነው! ዝነኛው ሮብ ሮይ ማክግሬጎር ራሱ በእናቱ ስም ሮበርት ካምቤል እያለ ይፈርም ነበር። የባላባቱን ስም የወሰደ ጭሰኛም ሞልቷል። ዛሬ ካምቤል የሚባለው ሰውዬ ከአሳዳጅ ይወለድ ከተሳዳጅ በምን ታውቃላችሁ?

ደፋር፦ ጋሼ፣ ታሪኩን ተቀብያለሁ፣ ድምዳሜዎን ግን አልቀበልም። እንደ እርስዎ አባባል ስሙ በደም ብቻ አይያዝም። እንግዲያው በፈቃድ የሚያዝ የጋራ ነገር ነው። ዛሬ ከአሜሪካና ከካናዳ ድረስ የካምቤሎች አለቃ መቀመጫ ወደሆነው ኢንቨራሪ ቤተ መንግሥት ሄደው፣ ታርታናቸውን (የጎሳቸውን ባለ መስመር ጨርቅ) ለብሰው፣ የብሩስ ወዳጆች ልጆች ነን ይላሉ። ኩራቱን ወርሰው ነውሩን ለጎረቤት?

የግላስጎው ልጅ፦ ነውሩ የማን እንደሆነ እኮ ነው የምንከራከረው። ንጉሥ ዊሊያም የደጋው አለቆች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1692 ታማኝነታቸውን እንዲምሉ አዘዘ። የግሌንኮ ማክዶናልዶች አለቃ ሽማግሌው ማክኢየን ዲሴምበር 31 ፎርት ዊሊያም ምሽግ ደረሰ። የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ሂል ማስማል ሥልጣኔ አይደለም፣ ኢንቨራሪ ሂድ አለው። በዚያ ክረምት፣ በዚያ ዕድሜው፣ ሄደ። ጃንዋሪ 6 ቀን መሐላውን የተቀበለው ማን ይመስላችኋል? ሰር ኮሊን ካምቤል! ጊዜው አልፏል ብሎ መመለስ ሲችል አስማለው፣ ወረቀቱንም ወደ ኤደንብራ ላከለት። እዚያ ያሉት ባለሥልጣናት ናቸው አንቀበልም ያሉት። የንጉሡ ሚኒስትር ጆን ዳልሪምፕል ደግሞ ማክኢየን አልማለም ሲባል ደስ እንዳለው በደብዳቤ ጽፏል። መቀጣጫ የሚያደርገው ሰው ይፈልግ ነበር። እሱ ደገኛ እንኳን አይደለም፣ ቆለኛ ነው።

ቅመም፦ ዳልሪምፕል አቀደ፣ ንጉሡ ፈረመ፣ አልካድኩም። ግን ግሌንላዮን ለምን ተላከ? በ1689 የግሌንኮ ሰዎች ርስቱን ዘርፈው ከብቱን ነድተውበታል። ጠጪና ቁማርተኛ ስለነበር ቀድሞም ዕዳ ውስጥ ነበር፤ 60 ሊሞላው ሲል ወታደር የሆነው ለዚያ ነው። ቂም ያለውን መርጠው ላኩት፣ እሱም እሺ ብሎ ሄደ። ያውም የወንድሙ ወይ የእህቱ ልጅ የማክኢየን ምራት ሆና እያለ። ታዞ ነው አትበሉኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦ አየሽ ልጄ፣ መልሱን ራስሽ ሰጠሽው። የመንግሥትን ግድያ የጎሳ ጠብ ማስመሰል ለሚኒስትሩ ይመቸዋል። በ1695 የስኮትላንድ ፓርላማ ግድያ ነው አለ፣ ንጉሡን ነፃ አወጣ፣ ዳልሪምፕልን ወቀሰ። ዳልሪምፕል ሹመቱን ለቀቀ፣ ክስ ግን አልቀረበበትም፤ በ1703 ጭራሽ የስቴር ኧርል ተባለ! ግሌንላዮንም ፍርድ ቤት ሳይቆም በ1696 ብሩዥ ከተማ ሞተ። አንድም ሰው አልተቀጣም።

ደፋር፦ እንግዲያው ሆቴሉ «ዳልሪምፕል አይገባም» ብሎ ይጨምርበታ!

የግላስጎው ልጅ፦ 😂 እሱስ በሌላ መንገድ ቀምሷታል። ዘጠኝ ቁጥሯ የዳይመንድ ካርታ እዚህ «የስኮትላንድ እርግማን» ትባላለች። ብዙ ምክንያት ይሰጡላታል፤ አንዱ የዳልሪምፕሎች አርማ ላይ ዘጠኝ የዳይመንድ ቅርጽ ስላለ ነው ይላል።

ቅመም፦ ካርታ መስደብ ቀላል ነው። ድምፄን ግን እንዲህ ጻፉልኝ፤ የዛሬው ካምቤል አይጠየቅም፣ የዚያን ጊዜው አርጋይል ግን ይጠየቃል። ክፍለ ጦሩ የሱ ነበር፣ ከወቀሳውም በሚገርም ሁኔታ አመለጠ።

አወያይ፦ ይጠየቃል፣ አይጠየቅም ብዬ ነበር የከፈትኩት። የቅመምን ሦስተኛ አድርጌ ጨምሬያለሁ። እስከ ነገ ማታ ምረጡ።