ሱፉ የማይረግፍ የበግ ሌጦ ልብስ ጎንደር ላይ ማምረት ይቻላልን?

ጥያቄ (ከአራዳ፣ ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሱፉን እንደያዘ ከለፋ የበግ ሌጦ ሰደርያ፣ ቆብና የቤት ጫማ የሚሠራ አነስተኛ የስፌት ቤት ለመክፈት ከባልደረባዬ ጋር እየተዘጋጀን ነው። ገበያው አያሳስበንም፤ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳም ሆነ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣው ተጓዥ ብርዱን ይቀምሰዋል። ያስቸገረን ሌጦው ነው። በበዓል ማግስት ከየሰፈሩ ሰብስበን ያስለፋናቸው ሌጦዎች ለስላሳ ሆነው ቢመለሱም፣ ሆድና ብብታቸው አካባቢ ሱፉ በጣት ሲሳብ እየተነቀለ ይወጣል። ጥፋቱ የአልፊው ነው ወይስ የሌጦው? ለቆዳ ፋብሪካ ብንሰጥስ ይሻለን ይሆን?

መልስ (የቆዳ ቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)፦
እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ሌጦው አልፊው እጅ ከመግባቱ በፊት የተበላሸ ይመስለኛል። የተገፈፈ ሌጦ ሙቀቱንና እርጥበቱን ይዞ ተጠቅልሎ ሲያድር፣ ባክቴሪያ የሱፉን ሥር የያዘውን ስስ ሽፋን አስቀድሞ ስለሚያጠቃ፣ ቆዳው ጤነኛ መስሎ እያለ ሱፉ ይለቃል፤ ከሆድና ከብብት መጀመሩም የዚሁ የተለመደ ምልክት ነው። ስለዚህ ሌጦው እንደተገፈፈ ጥላ ሥር ቀዝቅዞ፣ የሥጋና የስብ ትራፊው ተነሥቶለት፣ የክብደቱን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በለጥ ያለ ጨው እስከ እግሩና አንገቱ ጠርዝ ድረስ በሥጋ በኩል ሊታሽበት ይገባል። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይመከርም። ሲገዙ ከሆዱ ላይ ጥቂት ሱፍ ይዘው ይሳቡ፤ ከተነቀለልዎ ወይም የአሞኒያ ሽታ ከሸተተዎ ይተዉት።

ፋብሪካን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሱፉን በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ አውልቀው የሚያለፉ በመሆናቸው፣ ሌጦው ኖራ ሳይነካው በጨውና በአሲድ ተዘፍዝፎ እንዲለፋ አስቀድመው በጽሑፍ ይዋዋሉ። አሉም በሚባለው የማዕድን ጨው ብቻ የለፋው ነጭና ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ሲያገኘው አሉሙ እየታጠበ ስለሚገግር ለልብስ በክሮም (በክሮሚየም ጨው) ማልፋት ይሻላል፣ ምንም እንኳ ነጩን ሱፍ ጥቂት ወደ ሰማያዊነት ቢያደላውም።

መልስ (የሌጦ ነጋዴ፣ ደባርቅ)፦
በባለሙያው ሐሳብ ላይ የምጨምረው ስለ አገፋፈፍ ነው። ቢላዋ ቆዳውን ለመክፈት ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቡጢ ነው። ለበዓል በየቤቱ የሚታረደው በግ በጥድፊያና በቢላዋ ስለሚገፈፍ፣ ከሱፉ ሥር የማይታይ ጭረት የሰደርያው ጀርባ ላይ ሲወጠር ቀዳዳ ሆኖ ብቅ ይላል። ጨውን ከበዓሉ በፊት ለየቤቱ ብታድሉ፣ ከጨው ዋጋ ይልቅ የሚጣለው ሌጦ እንደሚከብድ ትረዳላችሁ። የበጉም ዓይነት ይለያያል፦ ለሰደርያና ለአጎዛ የእኛ የደጋው ባለ ሱፍ በግ ይመረጣል፤ ጸጉረ አጭሩ ደግሞ ቆዳው ጥብቅና ቀጭን ስለሆነ ሱፉ ተነሥቶ ለጓንት ይሁን፤ የኢትዮጵያ የበግ ሌጦ በውጭ ገበያም ስሙ የሚነሣው በጓንት ነው።

መልስ (ልብስ ሰፊ፣ ጎንደር)፦
ስፌቱን እንደ ጨርቅ አትዩት። ሱፉ ወደ ታች እንዲተኛ የሁሉንም ቁራጭ አቅጣጫ ካስተካከላችሁ በኋላ፣ በሥጋው በኩል ቆዳውን ብቻ በምላጭ ቁረጡ፤ መቀስ ሱፉንም አብሮ ስለሚቆርጠው መጋጠሚያው ላይ የተላጨ መስመር ይታያል። መርፌው ጫፉ ባለ ሦስት ስለት የቆዳ መርፌ ይሁን፤ የመርፌ ቀዳዳዎች ከተቀራረቡ ቆዳው በዚያው መስመር ይቀደዳልና ስፌቱን ሰፋ አድርጉት። ስፌት ውስጥ የገባውን ሱፍ በወስፌ ጫፍ እያወጣችሁ ብታበጥሩት መጋጠሚያው ከውጭ አይለይም። ሰደርያ ከአንድ ሌጦ ስለማይወጣ ቀለምና ውፍረት ማመሳሰሉ አድካሚ ነው፤ እኔ ብሆን ትርፍራፊ ቁራጭ በሚበቃው ቆብ እጀምር ነበር።