ክርክር፦ ባርኔጣ ያደረገው የራስ ቅል ከባጃጁ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

አድሚን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የአኒሜውንም የፊልሙንም ወሬ ትተን በአንድ ስቲከር ስንነታረክ ከርመናል፤ ዛሬ እዚሁ እንጨርሰው። ላልሰማችሁ፦ እዚሁ ሀዋሳ ባጃጅ የሚነዳው የባጃጁ ጄዳይ ከኋላ መስታወቱ ላይ ዋን ፒስ የሚባለውን የጃፓን የባሕር ወንበዴዎች ካርቱን ባንዲራ ለጥፏል፤ የሣር ባርኔጣ ያደረገ የራስ ቅል፣ ከጀርባው የተጣመረ አጥንት። የአገሩ ምርጫ እስኪያልፍ ይነሳ የሚሉ አሉ፣ ካርቱን ነው ተዉት የሚሉም አሉ። ደንቡ ያው ነው፤ ስድብ የለም፣ ብሔር ጠርቶ ነገር መፈለግ የለም፣ የመጨረሻውን ክፍል ላላየ ሰው ማበላሸት የለም። ጄዳይ፣ ነገሩን አንተው ጀምረው።

የባጃጁ ጄዳይ፦ እሺ። ማክሰኞ ጠዋት ከአሞራ ገደል አንዲት እናት ጭኜ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ዓሣቸውን በፌስታል ይዘው፣ ፌስታሉ ቀሚሴን እንዳይነካ እያሉ እግራቸውን እንዳነሱ ነው የደረስነው። ሲወርዱ ወደ ኋላ ዞረው ስቲከሩን አዩና «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ የትኛው ፓርቲ ነው?» አሉኝ። «ኧረ ፓርቲ አይደለም እማማ፣ ካርቱን ነው» ስላቸው «ታዲያ ምረጡኝ ካላለ በዚህ ሰሞን ምን ይሠራል እዚህ?» ብለውኝ ሄዱ። የአምስት ብር መልሳቸውንም ረስተዋል። እኔ ስለጥፈው ፖለቲካ አላሰብኩም። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ በፍላሽ እያስጫንኩ ያየሁት ነገር ነው፣ ስለምወደው ለጠፍኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከኋላዬ መኪና በቆመ ቁጥር ስፖኪዮ አያለሁ።

የፕሌ ቤቱ ባለቤት፦ እኔ ይነሳ ባይ ነኝ። ሐምሌ 2011፣ በሲዳማ ክልልነት ጥያቄ ከተማው ሲታመስ የት ነበራችሁ? እኔ በሩን ዘግቼ ቤቴ ተቀምጬ ነበር፤ ኢንተርኔት የለም፣ ሥራ የለም፣ አራት ፕሌይስቴሽን አቧራ ሲጠጣ ከረመ። በዚህ ከተማ ሰው አንድ ነገር አይቶ ከተጠራጠረ ምን እንደሚከተል ያየ ያውቀዋል። የልጁ እንጀራ ባጃጁ ነው። አንድ የተናደደ ሰው መስታወቱን በድንጋይ ቢለው የካርቱኑ ጀግና ሉፊ መጥቶ አይከፍልለትም።

ኦታኩ ከአቶቴ፦ ወንድሜ አክብሬህ ነው፣ ግን ይሄ ፍርሃት ነው። እንደውም ትርጉም ካለው ጥሩ ትርጉም ነው ያለው። ነሐሴ 2017 ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የነፃነት በዓላቸው ሊደርስ ሲል በመንግሥታቸው የተከፋ ሰው ከመኪናውም ከደጁም ይሄንኑ ባንዲራ ሰቀለ። ጳጉሜን ላይ ኔፓል መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያ ዘግቶባቸው ወጣቶቹ ይዘውት ወጡ፤ ጳጉሜን 4 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ይሄን አስቡት! ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦዳ በ1989 መሳል የጀመረው የሕፃናት ካርቱን ነው። የምናየው ነገር ዓለምን እየነካ እኛ ስቲከር እንላጥ እንላለን?

የፕሌ ቤቱ ባለቤት፦ ይኸው! ካርቱን ነው ስትሉኝ ነበር። አሁን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ያወረደ ካርቱን ሆነ። አንዱን ምረጡ።

ችሎት፦ ሕጉን ላስገባ፣ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሆኜ ዝም ካልኩ ያሳፍራል። በአዋጅ 1162/2011 የምርጫ ምልክት የሚባለው ተወዳዳሪው ምርጫ ቦርድ ዘንድ ያስመዘገበው ነው። የራስ ቅል ይዞ የሚወዳደር ደፋር ፓርቲ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከድምፅ መስጫው በፊት ባሉት የጥሞና ቀናት ቅስቀሳ ክልክል ነው፤ ይሄ ስቲከር ግን ማንንም ምረጡ ስለማይል ያኔም ቅስቀሳ አይሆንም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የአንድ እጩ ፎቶ ላይ የፊልም ጨካኝ ጭንብል አልብሶ፣ ሰውየው ያላለውን «ብሏል» ብሎ የለጠፈ አለ። አድሚን አጥፍቶታል፣ ጎሽ። በአዋጅ 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ስለ ስቲከሩ ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን፣ ስለዚያ ፎቶ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

ታዛቢ 97፦ ልጆች፣ ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሡኝ። ምልክት በእኛ አገር ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያውቀው ስዕሉን ነው። በ1997 ኢሕአዴግ ንብ ነበር፣ ቅንጅት ሁለት ጣት። ያኔ እኔ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ሁለት ማኪያቶ በጣቴ ሳዝ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ አጨበጨበልኝ። አብሮኝ የነበረው ሰው ሌላ ቦታ ሄደን እንጠጣ አለኝ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ደግሞ እዚሁ ሀዋሳ በሕዝበ ውሳኔው ሻፌታና ጎጆ ምልክት ሆነው ቀረቡ፤ ሻፌታ ሲዳማ ለብቻ ክልል መሆን፣ ጎጆ ከደቡብ ክልል ጋር መቆየት። ሻፌታ 98.5 በመቶ አገኘ። ሻፌታ እኮ ምግብ የሚቀርብበት ገበታ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንደ ዕቃ ብቻ የሚያየው ሰው አላውቅም። ስለዚህ የጄዳይ ተሳፋሪ «የትኛው ፓርቲ ነው» ማለታቸው ካለማወቅ አይደለም። ከማናችንም በላይ ምርጫ ያዩ ሰው ናቸው።

ኦታኩ ከአቶቴ፦ ጋሼ ታዲያ ይነሳ ነው የሚሉት?

ታዛቢ 97፦ ገና አልጨረስኩም። ልጄ ኤክስተርናል ላይ ጭኖልኝ ዋን ፒስን ዋኖ የሚባለው አገር ታሪክ ድረስ አይቻለሁ። ሳቁ፣ ጡረታ ላይ ያለ ሰው ጊዜ አያጣም። የሉፊን ነገር ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ደሴቱ ላይ ይወርዳል፣ ጨቋኙን በቡጢ ይጥላል፣ እስኪጠግብ ሥጋ ይበላል፣ መርከቡን አስነስቶ ይሄዳል። በነጋታው የተሰበረውን የውሃ መስመር ማን ይጠግናል? ደሞዝ ማን ይከፍላል? አላባስታ ለንጉሥ ኮብራ ቀረ። ድሬስሮዛ ለንጉሥ ሪኩ ተመለሰ። ዋኖን የስምንት ዓመት ሕፃን ወረሰ። ድምፅ የሰጠ አንድ ሰው አላየሁም። ሺህ ክፍል ሙሉ ስለ ነፃነት አስለቅሰውን ዙፋኑ ሄዶ የሚያርፈው ከነባሩ ቤት ነው። ያ ባንዲራ ማንን እንደማትፈልግ ይናገርልሃል። ማንን እንደምትፈልግ ግን አይናገርም፤ የምርጫ ወረቀት ደግሞ የሚጠይቅህ ይሄንኛውን ነው።

ኦታኩ ከአቶቴ፦ ጋሼ ሁለት እርማት። አንደኛ፣ ዋኖን የወረሰው ሞሞኖሱኬ አካሉ አድጓል፣ ሕፃን የቀረው በልቡ ነው። ሁለተኛ፣ ዳልተንን ረሱት! ጨቋኙ ንጉሥ ዋፖል ከተባረረ በኋላ ዳልተንን ያነገሠው ሕዝቡ ራሱ ወዶ ነው።

ታዛቢ 97፦ ዳልተንን ረስቼዋለሁ፣ ልክ ነህ። ግን እሱም ንጉሥ ነው የሆነው። በአምስተኛው ዓመት ቢከፋባቸው በምን ያወርዱታል? በልቡ ሕፃን የሆነ ገዢ ደግሞ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

ሳንሳ ትክክል ናት፦ ሁላችሁም ስለ ባንዲራ ስታወሩ እኔ ሌላ ነገር ነው ያናደደኝ። ይሄ ግሩፕ ምርጫ ሲል ጀግና መምረጥ ይመስለዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሁን» እያላችሁ የፊልም ገጸ ባሕርይ ስታወዳድሩ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል ነገር የለም! የምርጫ ክልልህ እጩ ነው ያለው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 ላይ ተጽፏል። ናሩቶ የሚባለው አኒሜ ላይ ዳንዞን ለሆካጌነት፣ ማለትም ለመንደሩ መሪነት ያጨው የእሳት አገር ዳይምዮ፣ ገዢው መስፍን ነው እንጂ ራመን (የጃፓን ሾርባ) ሻጩ ሰውዬ አይደለም አይደል? እኛ ከራመን ሻጩ የምንሻለው ስብሰባው ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው መርጠን መላክ መቻላችን ነው። በሉ እንግዲህ፣ የምርጫ ክልላችሁን ሦስት እጩዎች ስም ጻፉልኝ።

ኦታኩ ከአቶቴ፦ የሉፊን መርከበኞች አሥሩንም ከነሽልማት ገንዘባቸው ልጻፍልሽ?

ሳንሳ ትክክል ናት፦ እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ጥያቄዬን ግን አልመለስክም።

የፕሌ ቤቱ ባለቤት፦ እኔ አንዱን አውቀዋለሁ። ድሮ እኔ ጋ ፕሌ ይጫወት ነበር፣ ሲሸነፍ ጆይስቲክ ይወረውራል። አልመርጠውም።

የባጃጁ ጄዳይ፦ ሂሂ፣ ይሄ ከተማ ትንሽ ነው።

ሳንሳ ትክክል ናት፦ አንድ ነገር ልጨምርና እወጣለሁ። ጌም ኦፍ ትሮንስ መጨረሻ ላይ መኳንንቱ ንጉሥ ሊመርጡ ሲቀመጡ ሳም ተነስቶ ለምን ሕዝቡ ሁሉ አይመርጥም አላለም? ከውሻና ከፈረስ ጋር እያመሳሰሉ ሳቁበት። ያ ክፍል የወጣው ግንቦት 2011 ነው፤ ሀዋሳ የሕዝበ ውሳኔው ቀን መቼ ነው እያለች በምትጠብቅበት ወር። ፊልሙን እዚያ ፕሌ ቤት ውስጥ ነው ያየነው፣ እኛም አብረን ሳቅን። ከስድስት ወር በኋላ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር፣ ሳም ትዝ አለኝ። ሁሉ ሰው ከፊልሙ የሚያስታውሰው ዘንዶውን ነው። እኔ ያቺን ሳቅ።

ታዛቢ 97፦ ይሄን ስትጽፊ ደስ አለኝ። ኔፓልን ላነሳው ልጅም አንድ ነገር ልበል። ከ70 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ እሱን ዘለልከው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወጣቶቹ ዲስኮርድ ላይ፣ ያ የጌም ተጫዋቾች መገናኛ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ተከራክረው የቀድሞዋን ዋና ዳኛ ሱሺላ ካርኪን ደገፉ። መስከረም 2 ቀን 2018 ጊዜያዊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና ማለች፣ የምርጫው ቀንም ለየካቲት 26 ተቆረጠ። ባንዲራው ሕንፃ ላይ ተሰቅሎ አልቀረም፤ ዞሮ ዞሮ የመራጮች መዝገብና ሳጥን ጋ ነው የመጣው። ለኔ ከባንዲራው ፎቶ ይልቅ ያ የዲስኮርድ ክርክር ነው የሚገርመኝ። ስቲከሩን በተመለከተ፣ ይነሳም ይቆይም አልልም። ጄዳይ ለሚጠይቁት እናቶች መልስ ካለው ይቆይ።

ኦታኩ ከአቶቴ፦ መልስ አለው እኮ፣ «ካርቱን ነው»።

የባጃጁ ጄዳይ፦ እሱን ብያቸው አላመኑኝም አልኩህ እኮ።

አድሚን፦ በቃ፣ ድምፅ እንስጥበት። ሦስት አማራጭ አስገብቻለሁ፤ በውጭ ይቆይ፣ ይነሳ፣ ወደ ውስጥ መሪው አጠገብ ይዛወር። እስከ ማታ 1 ሰዓት።

አድሚን፦ ተዘጋ። 41 ሰው ድምፅ ሰጥቷል። በውጭ ይቆይ 16፣ ይነሳ 14፣ ወደ ውስጥ ይዛወር 11። ይቆይ አሸንፏል።

የፕሌ ቤቱ ባለቤት፦ ምን አሸነፈ? 14 እና 11 ሲደመር 25 ነው። 25 ሰው ከውጭ ይውረድ ብሏል!

ኦታኩ ከአቶቴ፦ ከሦስቱ ብዙ ያገኘው ያሸንፋል ተባለ፣ ብዙ ያገኘ አሸነፈ። አሁን ሕግ መቀየር የለም።

ችሎት፦ ምንም አልተባለም፣ አድሚን ደንቡን ሳይናገር ነው የከፈተው። ግን የአገሩም ምርጫ የሚሠራው እንዲሁ ነው። በየምርጫ ክልሉ ከሌላው አንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል፣ ግማሽ መድረስ አይጠበቅበትም። ሌላ ሌላው ምክንያት ሳይረሳ፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2002 ከ547 ወንበር 545፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ሲይዙ ቆጠራው በዚሁ መንገድ ነው። ወንበሩ መቶ በመቶ ሆነ ማለት ድምፁ መቶ በመቶ ነበር ማለት አይደለም።

ሳንሳ ትክክል ናት፦ እኔ ወደ ውስጥ ያልኩ ነኝ። ይነሳና ይቆይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር የምለው። አሥራ አንዳችንን ጠይቁን።

ኦታኩ ከአቶቴ፦ አሥራ አንዱም እንዳንቺ ናቸው ያለሽ ማነው? አንዱ እኔን በውስጥ መስመር «ውጭም ቢሆን ግድ የለኝም» ብሎኛል።

የፕሌ ቤቱ ባለቤት፦ ድጋሚ ይሰጥ፣ በሁለት ብቻ።

አድሚን፦ ድጋሚ የለም። የተሰጠው ተሰጥቷል።

ታዛቢ 97፦ አድሚን፣ ይሄን አነጋገር የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ።

ችሎት፦ ጋሼ በሳቅ ገደሉኝ። አድሚን፣ ቅሬታ የት ነው የሚቀርበው?

አድሚን፦ ለኔ ነው የሚቀርበው።

የፕሌ ቤቱ ባለቤት፦ ይኸው፣ ራሱ ቆጣሪ ራሱ ዳኛ!

የባጃጁ ጄዳይ፦ እናንተ ተጨቃጨቁ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ባጃጁ የኔ ነው፣ ድምፅ ሲሰጥም ማንም አልጠየቀኝም። ለዛሬ ባለበት ነው። ማታ 2 ሰዓት መነሃሪያው በር ላይ እቆማለሁ፣ ያቺን የአምስት ብር ባለመብት እናት ያየ ይንገረኝ። ስቲከሩን ሊልጥ የሚመጣም ይምጣ፣ እስከ ታቦር ሥር አደርሰዋለሁ፣ ሂሳቡን ግን ይከፍላል።