ጫጩቶች በማሞቂያ አምፖል ተቃጠሉ፤ ቁስሉን ምን ልቀባው? ሳጥኑንስ እንዴት ላስተካክል? (ጎንደር)

አርቢ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። 40 የሳሶ ጫጩቶች አሉኝ፤ ዛሬ 9ኛ ቀናቸው ነው። ያሉት 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሲሆን ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ነው፤ ከላይ ባለ 250 ዋት ቀይ የማሞቂያ አምፖል ተንጠልጥሏል። ትናንት ማታ ብርዱ ስለበረታ አምፖሉ ከጉዝጓዙ 25 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ወረደ። ሌሊት ደግሞ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የፈላ ውሃ የሞላ ጀሪካን ገባላቸው። ጠዋት ሲታዩ አራቱ ጀርባቸው ላይ ላባቸው ተኮማትሮ ቆዳቸው ቀልቷል። ከአራቱ አንዷ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነጣ ብሎ የደረቀ ቦታ አለ። አምስተኛው መዳፉ ከስር ተልጧል። ሁሉም ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ጎረቤት ቅቤ ቀቢያቸው ይላል፣ ሌላው ጂቪ (ሐምራዊው የቁስል ቀለም) ይላል። የትኛው ይሻላል? እንዳይደገምስ ምን ላድርግ?

የእንስሳት ሐኪም

እህቴ፣ ሁለቱንም ተዪያቸው። ቅቤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ አፍኖ ያስቀራል፤ ላባውን ያጣብቃል፤ አቧራና ዝንብም ይሰበስባል። ጂቪ የተቃጠለ ቆዳን ያደርቅና ይሰነጥቃል፤ ሐምራዊ ቀለሙም ቁስሉ መቅላቱን ወይም መግል መያዙን እንዳታዪ ይጋርድሻል። በዚያ ላይ ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ መጠቀሙ በብዙ አገር አይፈቀድም። የጥርስ ሳሙና የሚል ሰው ከመጣም አትስሚው።

መጀመሪያ አምስቱን ከሌሎቹ ለዪ። ጫጩት ቀይ ነገር ካየ ይነቁራል፤ ትንሽ ቁስል በመነቆር ብቻ በአንድ ቀን ወደ ሞት ሊደርስ ይችላል። ብቻውን የቀረ ጫጩት ግን ይጮሃል፣ መብላትም ያቆማል፤ ስለዚህ ከጓደኞቹ ጋር እየተያየ በሽቦ ወንፊት ይከለል። በከረጢት ወይም በወፍራም ካርቶን ላይ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አንጥፊላቸው። ሰጋቱራ ቁስል ላይ ይጣበቃልና እነዚህ አምስቱ አጠገብ አይድረስ። ጨርቁ ጠዋትና ማታ ይቀየር፤ እግሩ ለተላጠው በተለይ መድኃኒቱ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ቁስሉን በውሃ ማቀዝቀዝ የሚጠቅመው ወዲያው ሲደረግ ነው። አሁን ሰዓታት ስላለፉ ጫጩቱን በብርድ ከማስመታት ውጭ ትርፍ የለውም። ወደፊት አንዱ ሲቃጠል ካየሽ ግን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ብቻ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዢ፤ የቀረው ሰውነቱ በእጅሽ ውስጥ ይሙቅ። በረዶ አይነካውም።

ለማጠቢያ 1 ሊትር ውሃ አፍልተሽ 9 ግራም ጨው ጨምሪ፤ ይህም በሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ አንድ ተኩል ገደማ ነው። ለብ ሲል በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ያለ መርፌው፣ ከላይ እያንጠባጠብሽ እጠቢ። አትፈትጊ፤ የተጣበቀ ላባ ካለ አትንቀዪ፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ ብቻ በመቀስ አሳጥሪው። በጎዝ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂ፤ ጥጥ ክሩን ቁስሉ ላይ ይተዋል። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ጊዜ ባለ 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን መጠቀም ይቻላል፤ 1 ሚሊ ሊትሩን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጪው፣ መልኩ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ሳይበጠበጥ ከተቀባ ሊድን የነበረውን ቆዳ ጭምር ይጎዳል።

ከዚያ ባለ 1 በመቶ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ክሬም ቀቢ። ፒያሳ ካሉት ፋርማሲዎች ጠይቂ፤ ለሰው ቃጠሎ የሚሸጠው ነው። በጣም ስስ ይሁን። ከበዛ ላባውን አርሶ ጫጩቱን ያስበርደዋል፤ ሲለቅመውም ይውጠዋል። ለ3 ቀን ጠዋትና ማታ፣ ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ፤ አዲሱን ከመቀባትሽ በፊት አሮጌውን በጨው ውሃው አንሺ። ማደንዘዣ የተቀላቀለበት ቅባት፣ ማለትም ሊዶኬይን ወይም ቤንዞኬይን ያለበት፣ ለትንሽ ወፍ መርዝ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሳታነቢ አትግዢ። በፋሻ መጠቅለልም አያስፈልግም፤ እግሩን ያስረዋል፣ ቁስሉንም ያፍናል።

የተቃጠለ ጫጩት ውሃው ቶሎ ያልቅበታል። የሰው ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ሳይሆን በ2 ሊትር በጥብጠሽ ለ24 ሰዓት ስጪ፤ ጫጩት ጨው አይችልምና ለሰው በሚበጠበጠው ልክ አይሁን። ከዚያ ንጹሕ ውሃ። መኖው የጫጩት ስታርተር ሆኖ ይቀጥል፤ ቆዳ የሚተካው በፕሮቲን ስለሆነ ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍረሽ ለአምስቱ ብትሰጪ ጥሩ ነው።

የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ገዝተሽ ውሃቸው ውስጥ አትጨምሪ። ያልመረቀዘ ቃጠሎ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። የሰው የሕመም ማስታገሻም አይሞከር፤ ከ200 ግራም በታች የሆነ እንስሳ ላይ መጠኑን በግምት መምታት አይቻልም። ማስታገሻ ካስፈለገ ሐኪም መዝኖ ይስጥ።

ነጣ ያለው ቦታ ቆዳው እስከ ታች መሞቱን ያሳያል። ቃጠሎ ሙሉ ጥልቀቱን የሚያሳየው ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ነውና ሌሎቹንም ያኔ ደግመሽ እያቸው። ነጩ ይጠቁርና ቅርፊት ይሆናል፤ ዳር ዳሩ ራሱ እስኪላቀቅ አትላጪው። ሳምንታት ይፈጃል። መጥፎ ሽታ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ በዙሪያው እብጠት፣ ክንፍ ማንጠልጠል፣ መብላት ማቆም፣ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ወይም በአቅራቢያሽ ወዳለ የእንስሳት ጤና ጣቢያ ውሰጂያት። ቀን ቀን ሳጥኑን በስስ ሻሽ ሸፍኚ፤ ዝንብ ከጣለበት በማግስቱ ትል ነው።

ሽቦና ሙቀት

ስለ ቁስሉ ዶክተር ያሉት ይበቃል፤ እኔ ስለ ሳጥኑ ልጻፍ። ቃጠሎው ያረፈበት ቦታ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ጀርባ ከሆነ ከአምፖሉ ነው። መዳፍና ሆድ ከሆነ ከስር ከገባ ነገር ነው። ፊትና የክንፍ ጫፍ ብቻ ከሆነ የጋለ ቆርቆሮ ተነክቷል። አንቺ ጋ ሁለቱም አሉ፤ አራቱን አምፖሉ፣ አንዱን ጀሪካኑ ነው ያቃጠላቸው።

ጤነኛ ጫጩት መሸሻ ካለው ከሚያቃጥል ሙቀት ይሸሻል። የማይሸሸው ዳር ዳሩ ስለሚበርደው ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው። የሳጥኑ ጥግ 14 ዲግሪ፣ መሃሉ ከ40 በላይ ከሆነ ሁሉም መሃል ላይ ይደራረባሉ፤ ከላይ የተኛው ይቃጠላል። ስለዚህ ሲበርድ አምፖሉን ማውረድ ሳይሆን ሳጥኑን ማልበስ ነው የሚያስፈልገው። ከ50 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ሙቀት እስከ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የመብራቱ ጉልበት ነው። ምሽት ሁሉም ምጣድ ሲጥድ 220 ቮልት የነበረው ወደ 180 ይወርዳል፤ አምፖሉ ይደክማል፤ ሰውም ዝቅ ያደርገዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ቮልቱ ሲመለስ ያው አምፖል ከምሽቱ ሢሶ ያህል የበለጠ ሙቀት ይተፋል፤ በዚያ ሰዓት የሚያየው ሰው የለም። ማታ የተስተካከለ ከፍታ እንዳይታመን። ስታብላይዘር ካለ በእሱ በኩል ይሂድ።

አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን። 250 ዋቱ ከጉዝጓዙ 45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከሳጥኑ ግድግዳም ቢያንስ 40 ይራቅ። በሰንሰለት ይንጠልጠል እንጂ በራሱ ገመድ አይሁን፤ ገመዱ ሲሞቅ ይለሰልስና ይረዝማል። ከሰንሰለቱ ሌላ ተጨማሪ ሽቦ ለብቻው ጣሪያ ላይ ከሌላ ምስማር ጋር እሰሪ፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዛል። ሆልደሩ የሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲኩ በ250 ዋት ቀልጦ አምፖሉን ሰጋቱራው ላይ ይጥለዋል፤ ያኔ ጉዳዩ የጫጩት ሳይሆን የቤት ቃጠሎ ይሆናል። ገመዱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ስፒናውና የኤክስቴንሽኑ መጋጠሚያ ከሳጥኑ ውጭ፣ ከመጠጫው ርቆ። ከአምፖሉ ፊት በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሽቦ ወንፊት ብትከልዪ ዘሎ የሚነካ ጫጩት አይኖርም።

ከተቻለ 250 ዋቱን ትተሽ ሁለት 100 ዋት በሳጥኑ አንድ ወገን ጎን ለጎን ብትሰቅዪ ይሻላል። ሙቀቱ ይከፋፈላል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይሠራል። ከእንቁላል መፈልፈያ ጋር የሚሸጠውን ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ አምፖሉን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ) መግጠም ይቻላል፤ ብቻ ሴንሰሩ፣ ማለትም ሙቀት የሚለካው ጫፉ፣ በጫጩት ጀርባ ከፍታ፣ ከጉዝጓዙ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ በደንብ ይታሰር። ሴንሰሩ ተነቅሎ ከሳጥኑ ውጭ ከወደቀ ብርዱን እየለካ አምፖሉን ሌሊቱን ሙሉ ሳያጠፋ ያድራል።

ቴርሞሜትሩም በዚያው ከፍታ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምንም አይነግርሽም። በመጀመሪያው ሳምንት 32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ እየቀነስሽ እስከ 21። የናንተዎቹ አሁን ከ29 እስከ 32 ይበቃቸዋል። ግማሽ ሳጥን ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ መኖና ውሃ እዚያ ይቀመጥ። ሰጋቱራውን በወፍራም የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም በጤፍ ጭድ ተኪው፤ ደቃቁ ሰጋቱራ ይቦናል፣ ቶሎ እሳት ይይዛል፣ ጫጩትም ይለቅመዋል።

የማራኪዋ

ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ ያለው ላይ ልጨምር። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ለጫጩት እግር ብዙ ነው። የፈላውን ውሃ ከእኩል ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀላቅዪው፤ ወደ 55 ዲግሪ ይወርዳል። ጀሪካን አይሁን፤ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሁለት ሦስት አዘጋጂና እያንዳንዱን በአሮጌ ሹራብ ወይም በነጠላ ሁለት ዙር ጠቅልዪው። ክንድሽ ላይ አስጠግተሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ መታገሥ ካቃተሽ አታስገቢ። በየ2 እና 3 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ክዳኑ እንዳያፈስ ገልብጠሽ ፈትሺ፣ የራሰ ጫጩት ሳይነጋ ይሞታል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የማደሪያ ሳጥን ነው፤ ብዙ አርቢ ሀይ ቦክስ የሚለው። ውስጡ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ሳጥን በሌላ ትልቅ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ፤ በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ጭድ ጠቅጥቂ። ከላይ ጭድ የተሞላ ጆንያ እንደ ትራስ ይከደን። ከጎኑ ከፍ ብሎ የጣት ውፍረት ያላቸው አየር ማስገቢያዎች ይበሱ፤ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ አየር ካጣ ጠዋት ጭዱ በላብ ይርሳል፤ የራሰ ጭድ ሙቀት አይዝም። የ40 ጫጩት የራሱ ትንፋሽና ሙቀት ብዙ ነው፤ ከሃይላንዱ ጋር ሆኖ ሌሊቱን ያሳድራል። በዚህ መንገድ ሰው የተኛበት ሰዓት ላይ የጋለ ነገር ከነጭራሹ አይኖርም።

ከሰል በፍጹም አታስገቢ። ጭሱ ባይታይም አየሩ መርዝ ነው፤ በር ከተዘጋ ጫጩቱንም አጠገቡ የተኛውንም ሰው ይገድላል።

ማታ ከመተኛትሽ በፊት ድምፃቸውን ስሚ። ጮክ ብለው እየተንጫጩ ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ዳር ይዘው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩና ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ዝም ካሉ ተዪያቸው።

አርቢ ከአዘዞ

እግዜር ይስጥልኝ። ሰጋቱራው ወጥቷል፣ አምፖሉም 50 ላይ ሆኗል። ዶክተር፣ አምስቱ መቼ ይቀላቀሉ? የተቃጠለችውስ በኋላ ለመብል ትሆናለች?

የእንስሳት ሐኪም

ቀኑን ሳይሆን ቁስሉን እዪ። ቅላቱ ጠፍቶ፣ ምንም የማያዥ፣ በቆዳ የተሸፈነ ሲሆን ይቀላቀሉ። አንድ አንዱን ሳይሆን ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ፣ ሲመሽ ብርሃኑ ሲደበዝዝ አስገቢያቸው፤ ሲነጋ የሚነቁር ካለ የሚነቁረውን ነው ማውጣት ያለብሽ። ነጭ የነበረባት ቅርፊቷ ወድቆ ከስሩ ያለው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ትቆይ። እዚያ ቦታ ላይ ላባ ላይበቅል ይችላል፤ ለእንቁላልም ለሥጋም እንከን አይሆንባትም፣ ግን የተራቆተው ቆዳ ቀጥታ የቀትር ፀሐይ እንዳይመታው።

ለመብል ስለተባለው፣ ክሬሙም ሆነ ሐኪም የሚያዘው አንቲባዮቲክ ከመታረዷ በፊት ስንት ቀን መቆም እንዳለበት ይጠየቃል። የተሰጠውን መድኃኒት ስምና የመጨረሻውን ቀን ሳጥኑ ላይ ጽፈሽ ለጥፊ፤ ከ40 ውስጥ የትኛዋ እንደነበረች እንዳይጠፋሽም እግሯ ላይ ባለ ቀለም ክር ላላ አድርገሽ እሰሪ፣ በየሳምንቱም ክሩን ቀይሪ፤ እግሩ ሲወፍር ክሩ ይበላዋል።